የዳማከሴ ሳምፕልሽን ከእርጥበት አድኚው

እህቴ፣ «የዳማከሴ ቅጠል ሰብስቤያለሁ፤ ለኤችፒኤልሲና ለኤፍቲአይአር እንዴት ላዘጋጀው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኤችፒኤልሲ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉትን ነገሮች ይለያል፤ ኤፍቲአይአር ደግሞ ሳምፕሉ የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚውጥ ያሳያል። እኔም ማስተርሴን የሠራሁት በዳማከሴ ነው። ቅጠሉን የለቀምኩት ሰበታ ከእናቴ ጓሮ ነው። የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ፀሐይ ላይ አታስጪው። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ይተናል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሻላል።

2. ደረቀ ብለሽ አትመኚው። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። ሰበታ በክረምት እንኳን ቅጠል ልብስም አይደርቅም። በእጄ ሳሸው ኮሽ ስላለ ብቻ ፈጨሁት፣ በፌስታል ቋጥሬ በታክሲ ይዤው ሄድኩ። የኤፍቲአይአሩ ግራፍ (ስፔክትረሙ) ሲወጣ የሞገድ ቁጥሩ 1640 በሴንቲሜትር በሆነበት አካባቢ ትልቅ ጫፍ (ፒክ) አየሁ። የፕሮቲን አሚድም (የፕሮቲንን ክፍሎች የሚያያይዘው ትስስር) 1650 አካባቢ ስለሚወጣ ፕሮቲን ነው ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ 3400 አካባቢ ያለውን ሰፊ ጉብታ በእስክሪብቶ ከበበና «ይሄ እኮ ውሃ ነው» አለኝ። ውሃም እዚያው 1640 ላይ ይመጣል። ሁለቱም ገጽ ተሰረዘ።

ጥፋቱ የቅጠሉ ብቻ አልነበረም። ኬቢአሩም (የቅጠሉ ዱቄት የሚደባለቅበት ፖታሲየም ብሮማይድ የሚባል ጨው) ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ፔሌቴ (ሁለቱ ተደባልቀው ሲጨመቁ የሚወጣው ስስ ክብ) እንደ መስታወት ማሳየት ሲገባው ደፍርሶ ነበር። አሁን ኬቢአሩን 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አሳድረዋለሁ። መጀመሪያ ያለ ሳምፕል ብቻውን ፔሌት ሠርቼ አነበዋለሁ፤ 3400 ላይ ጉብታ ካለ ተመልሶ ኦቨን ይገባል። ቅጠሉን ደግሞ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በየቀኑ መዝኚው። ከፈጨሽው በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ከድነሽ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጪው። ለ200 ሚሊ ግራም ኬቢአር 2 ሚሊ ግራም ዱቄት ይበቃል።

ኤችፒኤልሲው ላይ ያናደደኝ ሌላ ነው። በሜታኖል ያወጣሁትን ይዤ አንድ ላብራቶሪ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የደብዳቤው ማህተም አይነበብም» ብሎ መለሰኝ። ለአንድ ማህተም ሦስት ቀን! እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን ስመለስ ጠርሙሱ ሥር አረንጓዴ ዝቃጭ ተኝቶ አገኘሁ። እንደዚያው ቢገባ ኮለሙን (ኤችፒኤልሲው ውስጥ ነገሮቹ የሚለያዩበትን ቱቦ) ይደፍነው ነበር። ሴንትሪፉጅ አድርጌ (በፍጥነት አሽከርክሬ ዝቃጩን ወደ ታች አስቀምጬ) በ0.45 ማይክሮን ሲሪንጅ ፊልተር አሳለፍኩት። አንቺም ሳታጣሪ እንዳትሰጪ። ማህተሙንም ከቤት ሳትወጪ እዪው።

ያንን ሁሉ ደግሜ ሠርቼ ሁለተኛው ስፔክትረም ጥርት ብሎ ወጣ። አማካሪዬ ለሌሎች ተማሪዎች እያሳየ ነው የሚያስተምረው። ቅጠሉን አሁን የት እንዳሰጣሽው ጻፊልኝ፤ ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሰው።