ሜቲሌሽኑም የጂኑ አገላለጽም አብረው ከጨመሩ ናሙናውን አይጣሉ

ጠያቂያችን፣ በሚያጠኑት ጂን ላይ ሜቲሌሽኑ (ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ዲኤንኤ ላይ ማረፉ) ከፍ ብሎ ሳለ፣ የጂኑ አገላለጽ የሚለካበት የአር ኤን ኤው መጠን በመቀነስ ፈንታ መጨመሩን ገልጸው፣ ናሙናው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚሁ ጉዳይ ክፉኛ የተንገላታሁ ሰው ነኝና፣ ሙከራውን ከመድገምዎ በፊት የሚከተለውን እንዲያዩ እመክራለሁ።

1. ሜቲሉ የት እንዳረፈ ይለዩ። ፕሮሞተሩ (የጂኑ ንባብ የሚጀመርበት ስፍራ) ላይ ሲከማች፣ ሜቲልን የሚለዩ ፕሮቲኖች፣ ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ሂስቶን ከተባሉ ፕሮቲኖች ላይ አሴቲል የተባለውን ምልክት የሚያነሱ ኢንዛይሞችን ይዘው ይመጣሉ፤ ክሮማቲኑ (ዲኤንኤውና ሂስቶኖቹ አንድ ላይ) ይጠብቃል፣ ጂኑም ዝም ይላል። በጂኑ አካል (ከፕሮሞተሩ ቀጥሎ ባለው፣ በሚነበበው ክፍል) ውስጥ ያለው ሜቲሌሽን ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው በንቃት በሚገለጡ ጂኖች ላይ ነው፤ ጂኑን የሚያነበውን አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝን ተከትሎ የሚሄድ ኢንዛይም በሂስቶን ኤች3 36ኛ አሚኖ አሲድ (ላይሲን) ላይ ሜቲል ያኖራል፣ ይህም ምልክት ዲኤንኤ ላይ ሜቲል የሚጨምረውን ዲኤንኤምቲ3ቢ የተባለ ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤው ይስባል። ስለዚህ የእርስዎ ውጤት ጨርሶ ተቃርኖ ላይሆን ይችላል።

2. ጥሬ መረጃውን በእጅዎ ያድርጉ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ በተገባኝ ነበር፤ ሆኖም ናሙናችንን የላክንለት ቤተ ሙከራ ለእያንዳንዱ ጂን አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ሰደደልን፤ የየሳይቶሲኑን (ሜቲሉ የሚያርፍበትን የዲኤንኤ ፊደል) ንባብ ስንጠይቅም ለተማሪ እንደማይጠቅም ነግሮን፣ ኋላ ላይ ለዚያው ፋይል ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀን። አማካዩ ፕሮሞተሩንና የጂኑን አካል አንድ ላይ ጨፍልቆ ስለነበር፣ የጥናት ጽሑፋችን ገምጋሚ «ሜቲሌሽን ጂንን ይዘጋል» በሚል አንድ መስመር ጽሑፉን መለሰው። ፋይሉ ሲደርሰን ፕሮሞተሩ ከሜቲል ነፃ፣ የጂኑ አካል ግን የተሞላ መሆኑን በራሴ ሥዕል አሳየሁ፤ ያው ገምጋሚ ሥዕሉ ከአባሪው ወጥቶ ወደ ዋናው ጽሑፍ እንዲገባ ጠየቀ። ይህን ስጽፍ ደስ እንደሚለኝ አልሸሽግም።

ያም ሆኖ ሥዕሉ አብሮ መገኘትን እንጂ መንስኤን አያሳይም። ዴሲታቢን የተባለ መድኃኒት በመጨመር መንስኤውን ላረጋግጥ ቢሉ፣ መድኃኒቱ የመላውን ጂኖም ሜቲሌሽን ስለሚቀንስ የጂኑ ለውጥ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ አይታወቅም። ካስ9 የተባለውን ዲኤንኤ ቆራጭ ፕሮቲን፣ የመቁረጥ አቅሙ ተወግዶ፣ ሜቲልን ማስወገድ ከሚጀምረው ቴት1 ከተባለ ኢንዛይም ጋር አጣምሮ ሜቲል ወዳረፈበት አንድ ቦታ ብቻ መላክ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል፤ ለማነጻጸሪያም የማይሠራ ቴት1 የተጣመረበትን ካስ9 ጎን ለጎን ያስኪዱ፣ ምክንያቱም ካስ9 ራሱ እዚያው ቦታ ላይ በመቀመጡ ብቻ የጂኑን ንባብ ሊያግድ ይችላል።