ልጄ በሩን ዘግቶ ይውላል፣ ምን በደልኩት? ላልሽው
እህቴ፣ ብቻሽን ያሳደግሽው የ15 ዓመት ልጅ ዝም ስላለሽ በደልኩት አትበይ። እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ትሸጥ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነጠላዋ ላይ የጥጥ ብናኝ ተለጥፎ የወላጅ ስብሰባ መጣች። አፈርኩባት። ከዚያ ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ። አፌን የዘጋው ይሄ ነው እንጂ ጥላቻ አልነበረም።

መጀመሪያ "ምን ሆንክ?" እያለች ስትጨቀጭቀኝ ባሰብኝ። አንድ ማታ ግን "ና ክሩን ያዝልኝ" አለችኝ። እሷ ትጠቀልላለች፣ እኔ እይዛለሁ። ዓይን ለዓይን አንተያይም። ወሬ የጀመርነው እንዲያ ነው፣ ያውም በኳስ። (ኳስ የት ታውቃለች! ለኔ ስትል የቡና ደጋፊ ሆና አረፈችው።) ስለ አባቴ ለመጠየቅ የደፈርኩት ከወራት በኋላ ነው።

አንቺም ሽንኩርት ስትልጪ ጠጋ አድርጊው። "የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" ብቻ አትበዪው፣ ትከሻ ይሰብራል። እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ወይም "መኖር ሰለቸኝ" ካለ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው።