እንግሊዝኛ ሳይችሉ እንግዳ መቀበል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ከእህቴ ጋር ሦስት ክፍል እናከራያለን። ወደ ላሊበላ የሚያልፉ የውጭ አገር ሰዎች አልፎ አልፎ ያድራሉ፤ እኛ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የለንም። ባለፈው ሁለት እንግዶችን በጣት ጭምር «ቁርስ 1 ሰዓት ይደርሳል» ብለናቸው ሳይበሉ ሄዱ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ብንቀጥር ይሻላል? (አንዲት አንባቢ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ የሦስት ክፍል ገቢ ሙሉ ደመወዝ አይችልም፤ ከመቅጠርዎ በፊት ሌላውን ይሞክሩ። እንግዳና ባለቤት የማይግባቡት ብዙ ጊዜ በሰዓት፣ በዋጋ፣ በምግብና በአካባቢው ደንብ ነው። እነዚህን ደግሞ አስቀድሞ በጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል።

የእርስዎ እንግዶች የሄዱት በሰዓቱ ምክንያት ይመስለናል። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር 7:00 ነው። «1» ሲባሉ የሚገባቸው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ቁርስ የሚጠብቅ መንገደኛ የለም። በመኪና ጉዳይ ሲሆን ይብሳል፦ ከደሴ መናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል የተባለ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፉ። በቃል ሲነጋገሩ የግድግዳ ሰዓት ይርዳዎት፤ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ስለሆነ አጭሩ ዘንግ ካረፈበት ቁጥር ትይዩ ያለው የእንግዳው ሰዓት ነው። ዘንጉ 1 ላይ ሲሆን ጣትዎን 7 ላይ ያሳርፉ፤ ያለ ቃል ይገባዋል።

ቀንም እንዲሁ ያሳስታል። ለግሸን ማርያም ንግሥ ክፍል ለሚይዝ ሰው «21/1» ብለው አይላኩ። መስከረም 21 በአብዛኛው ኦክቶበር 1 ነው፤ ያለፈችው ጳጉሜ 6 ቀን ከነበረች ግን ኦክቶበር 2 ይሆናል። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉት።

ዋጋው «ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ሌሊት፣ ቁርስ ጨምሮ» መሆኑ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ሁለት ሰው ይዞ የገባው በክፍል ነው ብሎ ያስባል፤ እርስዎ በሰው ያስባሉ፤ ጠቡ መውጫው ላይ ይነሳል። ወረቀቱን በፕላስቲክ ያስለብጡት፤ የብሩን ቦታ ግን ባዶ ይተዉና በነጭ ሰሌዳ ማርከር ይሙሉት። ዋጋ ሲቀየር ጠርጎ መጻፍ ነው፤ እንደገና ማሳተም አያስፈልግም።

ደንብን በሚመለከት ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን ስፍራ ልታይ ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት ይህን በሩ ላይ ስትሰማ ታዝናለች፤ «ለምን አልነገራችሁኝም» የምትለውም እናንተን ነው። ክፍል ስትይዝ ትወቀው።

ትርጉሙን ማን ይሥራው? የአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ወይም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ድካሙን ይክፈሉት። ከዚያ አማርኛውን ያላየ ሌላ ሰው እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ በአማርኛ ይንገርዎት። የሚነግርዎት እርስዎ ካሰቡት የተለየ ከሆነ ያ መስመር ይታረም። ይህን ሁለተኛ ንባብ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እባክዎ እርስዎ አይዝለሉት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በባቲ መንገድ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ሜኑዬን በስልክ ብተረጉመው በቂ ነው? ዓረብኛና ፈረንሳይኛስ ልጨምር?

መልስ፦ ለመነሻ ይረዳል፤ እንደወጣ ግን አያትሙት። ጉግል ትርጉም አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛን በ2022፣ አፋርኛን በ2024 አካቷል፤ የምግብ ስም ላይ ግን አሁንም ይሳሳታል። ስሙን አያስተርጉሙ። «ሽሮ» በእንግዳው ፊደል በድምፁ ይጻፍ፤ ከሥሩ የተሠራበት ይዘርዘር፦ የሽምብራ ዱቄት ወጥ፣ ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ በርበሬ አለው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ስልኩ ማን ምን እንዳደረገ ያምታታል።

ከጤናና ከእምነት ጋር የተያያዘውን ፈጽሞ አይተዉ። ሥጋው ጥሬ ወይም ለብለብ ከሆነ ይጻፍ። ያረደው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ይታወቅ። እንጀራው ገብስ ወይም ስንዴ ከተቀላቀለበት ይነገር፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው «የጤፍ ነው» ሲባል አምኖ ይበላና ይታመማል። የጾም ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለው መሆኑን ከገለጹ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነኩ እንግዶች ረቡዕና ዓርብ ከእርስዎ ቤት አይጠፉም። ቅቤ የነካው ማንኪያ ግን ወደ ጾሙ ድስት አይግባ፤ የተጻፈው ቃል ወጥ ቤት ውስጥ መጠበቅ አለበት።

ስለ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ፦ ሁለቱም የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ ከዚያ የሚመጣው መንገድ ደግሞ በሚሌ አድርጎ በባቲ ያልፋል። ይሁንና ብዙው የጅቡቲ ሰው ቤቱ የሚናገረው ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ነው። ለሁለት ወር የእንግዶችዎን አገርና ቋንቋ በደብተር ይመዝግቡ፤ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ጎልቶ የታየውን አንዱን ብቻ ይጨምሩ። ሜኑ በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ቋንቋ አብሮ መታረም አለበትና ብዛቱ ሸክም ነው።

ጥያቄ፦ የባቲን የሰኞ ገበያ አስጎበኛለሁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ከአፋርና ከኦሮሞ ሻጮች ጋር ግን አማርኛው አያደርሰኝም። ባለፈው በፎቶ የተነሳ ተጣላን።

መልስ፦ ወንድማችን፣ እዚህ የጎደለዎት የውጭ ቋንቋ አይደለም። አፋርኛና ኦሮምኛ የሚናገር የባቲ ወጣት ይያዙ፤ ክፍያውን ገበያ ከመግባታችሁ በፊት ይስማሙ። የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያስተላልፍ፣ እርስዎም በአጭር በአጭሩ እንዲናገሩ ተግባቡ፤ ነገሩ ሁለት ጊዜ ሲተረጎም ረጅም ንግግር ግማሹ ይቀራል። ዋጋ በቃል አይተላለፍ፤ በስልክ ካልኩሌተር ላይ ተጽፎ ለሻጩም ለገዢውም ይታይ። ለፎቶ ሲያስፈቅዱ ካሜራው ከረጢት ውስጥ ይሁን፤ ሻጯ ብር ከጠየቀች መጠኑ ከመነሳቷ በፊት ይቆረጥ። እሷ ፈቀደች ማለት አጠገቧ የተቀመጡት ፈቀዱ ማለት ስላልሆነ እነሱም ለየብቻ ይጠየቁ።