ሙት ያደረግኋቸው ሰዎች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ሁለት መስመር ልጻፍላት ብዬ ተቀምጬ ይኸው ረዘመብኝ፤ ታገሺኝ። ዘግይቶ ለሚያነብ ሰው ጥያቄሽን ልድገመው። የልብስ ስፌት ግሩፓችሁ 3 ሺህ ሰው አልፏል፤ ሕጉን ግሩፑ አናት ላይ ፒን ብታደርጉትም የሚያነበው የለም፤ ማስታወቂያ ስታጠፉ ትሰደባላችሁ፤ ሰው ስታስወጡ "ታደላላችሁ" ትባላላችሁ፤ ሁለት አድሚኖችም ሰልችቷቸው ለቀዋል። "እናንተ ሕግ የምታስከብሩት እንዴት ነው? ወይስ ልዝጋው?" ነው ያልሽው።

እኔ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የዶሮ አርቢዎች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ክፍያ የለውም፤ ባለቤቴ "ደመወዝ የሌለው ዘበኛ" ነው የምትለኝ። የእኛ ጸብ ስለ መኖ፣ ስለ ቄብ (እንቁላል መጣል ያልጀመረች ዶሮ) ዋጋና ስለ ፈንግል በሽታ መሆኑ ነው እንጂ ነገሩ ከእናንተ አይለይም።

ሕጉን የሚያነብ የለም ላልሽው፣ የእኛም 17 ተራ ቁጥር ነበረው። ከሌላ ግሩፕ ገልብጠን ነው ያመጣነው። አንዱ ተራ ቁጥር ላይ "የመኪና መለዋወጫ ዋጋ ሳይጻፍ መለጠፍ ክልክል ነው" የሚል ነበረበት፤ ዶሮ አርቢዎች ግሩፕ ውስጥ! ለስምንት ወር ያህል ፒን ሆኖ ሲኖር አንድም ሰው አልጠየቀም። እኛ አድሚኖቹም አላነበብነውም ማለት ነው። አሁን አራት ብቻ አለን፦ ወሬው ስለ ዶሮ ይሁን፤ ማስታወቂያ ቅዳሜ ብቻ፣ ዋጋና ቦታ ተጽፎበት፤ ስድብና ዘር ቆጠራ የለም፤ በአካል ለማታውቁት ሰው ቀብድ አትላኩ። አምስተኛ መጨመር ያማረው አድሚን ካሉት አንዱን ማውጣት አለበት። "ሥነ ምግባር ይከበር" የሚለውን የሰረዝነው፣ በእሱ የቀጣነው ሰው ሁሉ "ምን አጠፋሁ?" ሲለን የምንመልሰው እያጣን ነው።

ከሰረዝናቸው አንዱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። "በአማርኛ ብቻ ይጻፍ" ይላል። ከቢሾፍቱና ከአዳማ ዙሪያ ብዙ አርቢ አለን። አንዲት ሴትዮ ጫጩት ሲያልቅባት በኦሮምኛ ጠየቀች፤ ሕግ ነው ብዬ አጠፋሁባት። ማታ ኢንቦክስ መጥታ "ጫጩቴም ሞተ፣ ጥያቄዬንም ገደልከው" አለችኝ፤ በአማርኛ። በማግስቱ ሕጉን አነሳን፣ ኦሮምኛ የሚችል አድሚንም ጨመርን። ነገሩ የፍትሕ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማይገባሽን ቋንቋ መጠበቅም አትችይም። ስድብ ይሁን የመድኃኒት ጥያቄ የማታውቂውን ጽሑፍ ብታጠፊው በደል ነው፣ ብትተዪው ደግሞ ምን እንዳሳለፍሽ አታውቂም።

ወደ ቅጣቱ ልምጣ። እድር ላይ ያረፈደ ወይም የቀረ መቀጫውን ይከፍላል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እዚህ መቀጫ የለም። በእጅሽ ያለው ጽሑፍ ማጥፋት፣ ለጊዜው እንዳይጽፍ ማድረግና ማስወጣት ነው። መሀለኛውን ሁላችንም፣ ከእንግሊዝኛው "ሚውት" ወስደን፣ "ሙት ማድረግ" ነው የምንለው። መጀመሪያ ሰሞን የግሩፑ ቦት (ሕጉን በራሱ የሚያስከብር ፕሮግራም) ለአንድ አዛውንት አባል "ለ24 ሰዓት ሙት ተደርገዋል" ብሎ ጻፈላቸው። ልጃቸው በእሳቸው ስልክ ኢንቦክስ ገባችና "አባቴን ሙት ያለው ማነው?" ብላ አፋጠጠችኝ። እኔ ሳቄ መጣ፣ እሷ ግን እያለቀሰች ነበር፤ ሰውየው ደም ግፊት አለባቸው። ከዚያ ወዲህ ቦቱ የሚጽፈው "እስከ ነገ ይህን ሰዓት መጻፍ አይችሉም፤ ማንበብ ይችላሉ። ምክንያቱ ማስታወቂያ በማክሰኞ" የሚል ነው። "ማንበብ ይችላሉ" የምትለዋን እንዳትተዪያት። ብዙ ሰው ሙት ሲደረግ የተባረረ ይመስለውና ተናዶ ራሱ ይወጣል።

ምክንያቱንም ሁልጊዜ ጻፉ። ዝም ብለሽ ያጠፋሽበት ሰው መጀመሪያ "ኔትወርክ ነው" ብሎ መልሶ ይለጥፈዋል። ሁለተኛ ስታጠፊው ስልኩን ይጠረጥራል። ሦስተኛው ላይ ጠላት እንዳለው ይገባዋል፤ ያኔ ነው ስድቡ የሚጀምረው። እኛን ከሰደቡን ሰዎች ብዙዎቹ ምን እንዳጠፉ በቅጡ ያልተነገራቸው ነበሩ።

ቦት ተጠቀሚ፣ ግን አደራ አትስጪው። ሊንክ የሚረጨውንና "ቤት ቁጭ ብለው በቀን ይህን ያህል ብር ያግኙ" የሚለውን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። አማርኛ ላይ ግን ይደናገራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉ፣ ሰ እና ሠ አሉ፤ አንዱን ስድብ በሁሉም አጻጻፍ ካልመዘገብሽው ያመልጣል። ቃሉ ላይ አንድ ፊደል ሲቀጠል ደግሞ ሌላ ቃል ይሆንበታል። በላቲን ፊደል ከጻፉትማ አለቀ። "አህያ" የሚለውን ስድብ ነው ብለን ከከለከልን በኋላ አንድ አርቢ "መኖ የሚጭንልኝ አህያ ያለው ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ፤ ቦቱ ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ ዘጋበት። በዚያው ሳምንት "አንተ አህያው" ብሎ የተሳደበውን ግን ዝም ብሎ አሳለፈው። ገበሬ የሞላበት ግሩፕ ውስጥ የእንስሳ ስም መከልከል እኛ ብቻ የምንሠራው ጅልነት ይመስለኛል። የእናንተም "መቀስ" እንዳይሆን ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ሰው "ታደላላችሁ" የሚላችሁ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስለምታደሉ ነው። አትቀየሚኝ፤ እኛም ስናደላ ነው የኖርነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። ዶሮዋ ግን አትጾምም፤ መኖዋን ትበላለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። የእንቁላል ትሪው ቤት ውስጥ እየተደራረበ ሲሄድ አርቢው ይጨነቃል፤ ቅዳሜ ብቻ የተባለው ማስታወቂያ በየሰዓቱ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ የእኛ ሕግ የሚፈተነው በዓመት አንዴ፣ በሁዳዴ ነው ማለት ይቻላል። ያን ሰሞን ስሎው ሞድ እናበራለን፤ አንድ ሰው በሰዓት አንዴ ብቻ ይጽፋል።

በአንዱ ሁዳዴ፣ ረቡዕ ቀን፣ ጋሼ (ስማቸው ይቅር) የሚሸጡ ቄቦች እንዳሏቸው ለጠፉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። ሌሊት ስምንት ሰዓት "ዶሮዬ አንገቷ ተጣመመ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ የሚመልሱለት እሳቸው ናቸው። ማስታወቂያውን አየሁት። አየሁትና ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ከደብረ ብርሃን አንድ ልጅ እንቁላሉን ለጠፈ፤ የእሱን አጠፋሁ፤ ለአንድ ቀንም ዘጋሁበት። እጄ እንዴት እንደፈጠነ ሳስበው ይገርመኛል። ልጁ ግን ቀድሞኝ ስክሪንሾት ይዟል፤ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ከላይና ከታች፣ ሰዓታቸው ቁልጭ ብሎ እየታየ። ሌላ ግሩፕ ላይ አወጣውና ከሥሩ "ቅዳሜ የማን ነው?" ብሎ ጻፈበት።

እኛ አድሚኖቹ ማታ ተጨቃጨቅን። አንዱ "ጋሼን ከነካን ግሩፑ አበቃለት" አለ፤ እውነትም ይመስል ነበር። በመጨረሻ እኔው ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የቄቦቹን ማስታወቂያ ላነሳው ነው።"

ጥቂት ዝም አሉ። "ልጄ፣ እኔ ከእናንተ ምን ወሰድኩ?"

ይኼን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። የእነዚያን ሁሉ ዓመታት ምክር ሳንቲም ሳያስከፍሉ ነው የሰጡት። "ምንም አልወሰዱም፤ እንዲያውም እኛ ነን ባለዕዳዎቹ። ግን አንድ ልጅ በዚሁ ሕግ ቀጥቼዋለሁ" አልኳቸው። "እሺ" ብለው ዘጉት። እሺታው ግን እሺ አልነበረም።

ለልጁ ዕግዱን አነሳሁለትና እዚያው ሁሉም በሚያየው ቦታ "ስህተቱ የእኔ ነው፣ አድልቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ለሁለት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ሰው ይጠይቃል፣ የሚመልስ የለም፤ እኔ ላይ የወረደውን ወቀሳ አልነግርሽም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የቄቦቹን ማስታወቂያ ለጥፈው ከላዩ ላይ "ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን ካላንደር አይቼ አረጋግጫለሁ" ብለው ጽፈውበታል። ቀልዳቸው ውስጥ ቅሬታ ነበረበት፤ ቢሆንም መጡ። ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሲመጣ እኔ ሳላየው አባላቱ "ጋሼ እንኳ ካላንደር ያያሉ" እያሉ ይመልሱታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ የማጠፋው ማስታወቂያ በጣም ቀንሷል።

ከማስታወቂያው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው አስመሳዩ ነው። አንዱ የእኔን ፎቶና ስም ወሰደ፤ ዩዘርኔሙ ላይ ትንሿን ኤል በትልቋ አይ ተካት፤ ስክሪን ላይ አንድ ናቸው፣ ዓይን አይለያቸውም። ከዚያ ለአባላቱ ኢንቦክስ እየገባ "የ45 ቀን ጫጩት በቅናሽ፣ ቀብድ በቴሌብር" ይላል። ሁለት ሰው ላከለት። ግሩፕ ውስጥ ስጽፍ ከስሜ ጎን አድሚን የሚል ምልክት አለ፤ ኢንቦክስ ግን ምልክት የለም፤ ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ግሩፑ ላይ አንዲት ቃል አይጽፍም። አሁን ፒን ያደረግነው "አድሚን ቀድሞ ኢንቦክስ አይጽፍላችሁም" የሚል ነው። ይህ እኛንም አስሮናል፤ ሰውን ለብቻው ቀስ ብለን ማስጠንቀቅ አንችልም፣ ማስጠንቀቂያው በአደባባይ ነው። ጋሼንም የደወልኩላቸው ድምፄን ስለሚያውቁ ነው። ገንዘባቸውን ለተበሉት "ደረሰኙን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ" ነው የምንለው። ገዢና ሻጭ ለመዳኘት እንዳትገቢ፤ እኛ አንዴ ገብተን ከሁለቱም ተጣልተን ወጣን።

የተሳሳተ ምክርስ ብትዪ፣ አናጠፋውም። ፈንግልን በአንቲባዮቲክ አድናለሁ የሚል ሰው በየወሩ አይጠፋም። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ መከላከያው ክትባት ነው እንጂ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ጽሑፉን ብናጠፋው ሰውየው በኢንቦክስ ይመክራል። እዚያው ከሥሩ የጋሼን መልስ እናደርግና መልሱን ፒን እናደርገዋለን።

የዘር ስድብ ላይ ግን ማስጠንቀቂያም ሦስት ዕድልም የለም። ይወጣል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። እኔ ግን የማስወጣቸው አዋጁን ፈርቼ አይደለም። አንድ የዘር ስድብ ለሃያ ደቂቃ ከቆየ የሚመልስለት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዶሮ የሚያወራ ሰው አታገኚም። ከማጥፋትሽ በፊት ስክሪንሾት ያዢ። ቴሌግራም አድሚኖች ያደረጉትን የሚመዘግብበት ዝርዝር 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን "ምንም ሳልል አስወጡኝ" ብሎ ሲመጣ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ።

አድሚኖች ስለለቀቁብሽ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የያዘን። የተሰደበ አድሚን በራሱ ስድብ ላይ አይፈርድም፤ ስልኩን ያስቀምጣል፣ ሌላው ይፈርዳል። ሌላው ደግሞ ግሩፑ ማታ አራት ሰዓት ይዘጋል፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ይከፈታል። መጀመሪያ "የታመመ ዶሮ ሰዓት አይጠብቅም" ብለው ጮኹብን፤ ስለዚህ ማታ ማታ የበሽታ ጥያቄ ብቻ የሚጻፍበት ሌላ ትንሽ ግሩፕ ከፈትን። እዚያ የሚጣላ የለም፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ዶሮው እየሞተችበት ማን ይጣላል? እናንተ የሚታመም ነገር ስለሌላችሁ ዝም ብላችሁ ዝጉት፤ ቀሚስ እስኪነጋ ይቆያል።

ጨርሶ መዝጋቱን ግን አሁን አትወስኚ። የወጡትን ሁለቱን አድሚኖች ደውለሽ "ተመለሱ" ሳትዪ፣ የወጡበት ዕለት ምን እንደተፈጠረ ብቻ ጠይቂያቸው። ከእኛ አንዲት ልጅ ስትወጣ ስድቡ ነው የመሰለን። ኋላ ስንጠይቃት፣ ያስወጣችውን ሰው እኔ በማግስቱ ሳልነግራት መልሼ አስገብቼው ኖሯል።

የእናንተንም ሕግ እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን። የመኪና መለዋወጫ ካለበት ከየት እንደገለበጣችሁት አውቃለሁ።