ዋጋና ስልክ ብቻ ላለበት ድረ ገጽ ምስጠራ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ አንኮበር ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ድረ ገጻችን ላይ ፎቶ፣ የክፍል ዋጋ፣ ስልክና ቀብድ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ እንጂ ክፍያ አይፈጸምበትም። እንግዶች ግን «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም ይላል» እያሉ ይደውሉልኛል። የሠራልኝ ልጅ ለሰርተፊኬት በየዓመቱ ክፈል አለኝ። የምደብቀው ሳይኖረኝ ለምን እከፍላለሁ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ማመስጠሩን አይተዉት፤ ገንዘቡን ግን አይክፈሉ።

ምስጠራ ከመደበቅ ሌላ፣ ገጹ መንገድ ላይ እንዳይነካካ ይጠብቃል። እርስዎን የሚመለከተው ይኸኛው ነው። እንግዳዎ ካፌ ተቀምጦ በዋይፋይ ገጽዎን ሲከፍት፣ በኤችቲቲፒ (ባልተመሰጠረው የድረ ገጽ መላኪያ ዘዴ) የሚሄደው ገጽ እንዳልታሸገ ደብዳቤ ነው። ዋይፋዩን የሚቆጣጠር ሰው ከሒሳብ ቁጥሩ አራት አሃዝ ቀይሮ ማሳለፍ ይችላል። ፎቶው ያው፣ ዋጋው ያው፤ ቀብዱ ግን ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። እርስዎ ከቤትዎ ሲያዩት ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ጠቡ ከእንግዳው ጋር ይሆናል። ገጹን ለማስተካከል ሲገቡ የሚጽፉት ፓስወርድም እንዲሁ በግልጽ ነው የሚጓዘው።

ማስጠንቀቂያው የመጣው ክሮም የተባለው የድረ ገጽ መክፈቻ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ጀምሮ ያልተመሰጠረን ገጽ ሁሉ እንዲህ ስለሚል ነው።

ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰርተፊኬት (ለምስጠራው የሚያስፈልገውን የድረ ገጽ ዲጂታል መታወቂያ) በነፃ ይሰጣል። ሆስቲንግዎ (ገጽዎ የተቀመጠበት አገልግሎት) ሲፓነል የሚባለው መቆጣጠሪያ ካለው «ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ስቴተስ» ውስጥ ገብተው «ራን አውቶኤስኤስኤል» የሚለውን ይጫኑ። የራስዎ ሰርቨር ከሆነ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ይሠራዋል። ዶሜኑን (የድረ ገጹን ስም) በሰርተፊኬቱ ላይ ከነ«ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው»ውም ያለዚያም ያስመዝግቡ፤ አንዱ ከቀረ በዚያ በኩል የሚመጣው እንግዳ ማስጠንቀቂያ ይገጥመዋል። ከዚያ አሮጌው የኤችቲቲፒ አድራሻ በ301 (በቋሚ ማዘዋወሪያ) ወደ አዲሱ፣ ወደተመሰጠረው የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ እንዲያሻግር ያድርጉ። ገጹ የተሠራው ዎርድፕሬስ በሚባለው ፕሮግራም ከሆነ በአጠቃላይ ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም አድራሻዎች ይለውጡ።

ይህን ሁሉ አድርገውም ገጹ ሙሉ በሙሉ ደህና አይደለም ካለዎት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፎቶዎቹ ነው፦ አድራሻቸው ገና በኤችቲቲፒ ተጽፎ ቀርቷል። በዳታቤዙ ውስጥ ፈልገው በጅምላ ይተኩት፤ አስቀድመው ግን ባክአፕ ይያዙ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እድሳቱ ላይ ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። ሰርትቦት 30 ቀን ሲቀረው በራሱ ያድሳል፤ ሆኖም ዶሜኑ የእርስዎ መሆኑ የሚረጋገጠው ብዙ ጊዜ በፖርት 80 (ያልተመሰጠረው ገጽ በሚያልፍበት የሰርቨሩ በር) ነው። «አሁን ሁሉም በ443 (በተመሰጠረው በር) ነው» ብሎ ፖርት 80ን የዘጋ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ገጹን የሚሸፍን ቀይ ማስጠንቀቂያ ይጠብቀዋል። ይህ ጭራሽ ካልተመሰጠረው ይብሳል፤ እንግዳው ገጹን ሳያይ ይመለሳል።

አንድ እንግዳ ብቻ ችግር አለ ካለዎት ግን ሰርቨሩን ከመነካካትዎ በፊት የስልኩን ቀን ያስተካክል። ቀኑ የተዛባ ስልክ ደህናውንም ሰርተፊኬት ጊዜው አልፏል ይለዋል።