ማኔጅድ ኬርና የአእምሮ ጤና ተማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በክፍል ስለ ቴራፒ ብዙ ተምረናል፤ የኢንሹራንስ ጉዳይ ግን ልምምድ ስወጣ ነው የገጠመኝ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከመዝገብ አጻጻፍ ይጀምሩ። በማኔጅድ ኬር፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ወጪን ለመቆጣጠር ሕክምናውን በሚከታተልበት አሠራር፣ ኢንሹራንሱ ለመክፈል ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን ይመዝናል፤ መዛኙ ደግሞ ታካሚዋን ሳይሆን እርስዎ የጻፉትን ነው የሚያየው። «ታካሚዋ ተጨንቃለች» የሚለው አያሳምነውም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ከሦስት ሰዓት በላይ አልተኛችም፤ አራት ቀን ከሥራ ቀርታለች፤ በፒኤችኪው 9 የድብርት መለኪያ መጠይቅ ከ27 ነጥብ 18 አስመዝግባለች» ብለው ሲጽፉ ግን የሕመሙ ክብደት፣ በኑሮዋ ላይ ያደረሰው ጉዳትና ወደፊት መሻሻሏ የሚለካበት መነሻ አብረው ይታያሉ። አማርኛ ተናጋሪ ሆና «ራሴን ያቃጥለኛል» ካለችም ቃሏን እንዳለ ይመዝግቡና ሕመሙ ምን ከመሥራት እንዳገዳት ያክሉበት።

ጥያቄ፦ ይህ ሕመሙን ወደ ማጋነን አይገፋፋም?

መልስ፦ ይገፋፋል፤ መምህራን በግልጽ ሊያነሡት የሚገባውም ለዚህ ነው። የሌለ ሕመም መመዝገብ ማጭበርበር ነው።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሱ ከከለከለ ኃላፊነቱ የእርሱ አይደለም?

መልስ፦ ተማሪዎች ይህን አስተሳሰብ ይዘው ባይመረቁ እወዳለሁ። በካሊፎርኒያ ዊክላይን በተባለች ታካሚ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሐኪሙ ለታካሚዋ ተጨማሪ 8 የሆስፒታል ቀናት ጠይቆ 4 ብቻ ተፈቀደ፤ ሐኪሞቹ ሳይቃወሙ አስወጧት፤ በኋላም እግሯ ተቆረጠ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ከፋዩን ተጠያቂ አላደረገም፤ ይልቁንም ሙያዊ እምነቱ ሌላ ሆኖ ሳለ የከፋዩን ገደብ ሳይቃወም የሚቀበል ሐኪም ከኃላፊነት እንደማያመልጥ ገለጸ። ጉዳዩ የአእምሮ ሕክምና ባይሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል። ስለዚህ ተማሪው ሳይመረቅ ቢያንስ አንድ የይግባኝ ደብዳቤ በአሠልጣኙ ሥር ይጻፍ፤ ክልከላው የተመሠረተበትን መመዘኛ በጽሑፍ መጠየቅንም ይልመድ። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የእኩልነት ሕግ፣ የአእምሮ ሕክምናን የሚሸፍን የቡድን ኢንሹራንስ ለአካል ሕክምና ከሚያወጣው የጠበቀ ገደብ እንዳይጥልበት ስለሚከለክል፣ ደብዳቤው ላይ መጥቀሱ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ የግል ማስታወሻዬን ቢጠይቁኝስ?

መልስ፦ ከሕክምና መዝገቡ ተለይቶ የተቀመጠ የቴራፒ ማስታወሻ በሂፓ (የሕክምና መረጃ ምስጢር የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ) ደንብ የተለየ ጥበቃ አለው፤ ኢንሹራንሱ ያለ ታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ሊያገኘው አይችልም፣ ፈቃድ ካልተሰጠኝ አልከፍልም ማለትም አይፈቀድለትም። ምርመራው፣ የሕክምና ዕቅዱና የመሻሻል ማጠቃለያው ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም፤ ታካሚው ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ታሪኩን መናገር ሳይጀምር፣ ከእርስዎ ሊሰማ ይገባዋል።