የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማዘጋጃ ቤት ለአየር ንብረት ለውጥ ሲዘጋጅ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የመሠረተ ልማት ክፍል ባለሙያ ነኝ። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የሚያስችል ዕቅድ አዘጋጅተን እንድንልክ ታዝዘናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአማካሪዎች የተዘጋጀ ወፍራም ሰነድ አለን፤ ነገር ግን ከመደርደሪያ ወርዶ አያውቅም። በክፍሉ ያለነው ሦስት ሰዎች ብቻ ስንሆን በዘርፉ የሠለጠነም የለንም። ሌላ መደርደሪያ የሚያሞቅ ሰነድ እንዳንጽፍ እሰጋለሁና ከየት እንድንጀምር ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። እንዲህ ያሉ ሰነዶች መደርደሪያ ላይ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ ስለ ዓለም ሙቀት በሰፊው አትተው የትኛው ቦይ፣ በየትኛው ወር፣ በማን እንደሚጠረግ ሳይናገሩ ስለሚያበቁ ነው። ስለዚህ አዲሱ ዕቅድ ቢያጥር እንኳ በውስጡ ለተጠቀሰው ለእያንዳንዱ ሥራ ኃላፊ፣ ቀንና የበጀት ርዕስ ይኑረው ብዬ እመክራለሁ። እነዚህ ሦስቱ ያልተጻፉለት ሥራ ቢወጣ ይሻላል።

ሳይንሱን በተመለከተ ብዙ መድከም አያስፈልጋችሁም። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ብሏል፤ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ሊይዝ የሚችለው የውኃ ትነት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከባድ ዝናብ ይበልጥ እየከበደ፣ በድሮ መረጃ ተሰልተው የተሠሩ ቦዮችም እየጠበቧችሁ የሚሄዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን በማዘጋጃ ቤት ደረጃ እንደገና ማስጠናት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

እናንተ ብቻ ልታውቁት የምትችሉት ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ውኃው በከተማችሁ በየት በኩል ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው። አንድ ሰፊ የከተማ ካርታ ይዛችሁ ከነዋሪዎች ጋር በእግር ዙሩ። በወንዝ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌዎችን፣ ሾፌሮችን፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና ቦይ ጠራጊዎችን ጠይቁ። ካለፈው ጎርፍ በኋላ በግድግዳ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር በሜትር ለክታችሁ ከቀኑ ጋር በካርታው ላይ ጻፉ። በዚያው ዙር ያለ ሰው እርዳታ ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የት እንደሚኖሩ መዝግቡ። የሦስት ሰዎች ክፍል ይህን በጥቂት ሳምንታት ሊጨርሰው ይችላል፤ የዕቅዱም ግማሽ ይኸው ነው።

ቀጣዩ ጉዳይ ዝግጅቱን ከዕለት ተዕለት ሥራችሁ ጋር ማገናኘት ነው። እርስዎ የመሠረተ ልማት ባለሙያ ስለሆኑ በቱቦ ምሳሌ ላስረዳ። በተመሳሳይ ተዳፋት የተቀበረ ባለ 75 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ከባለ 60 ሳንቲ ሜትሩ 80 በመቶ ያህል የበለጠ ውኃ ያሳልፋል፤ ቁፋሮው፣ ጉልበቱና መንገዱን መልሶ መሥራቱ ግን በሁለቱም ያው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ መንገድ በሚታደስበት ወይም አሮጌ ቱቦ በሚቀየርበት ቀን አንድ ደረጃ የሚሰፋውን መምረጥ፣ ከጎርፍ በኋላ ተመልሶ ከመቆፈር እጅግ ይረክሳል። እኔ በቦታችሁ ብሆን «ማናቸውም የሚቀየር ቱቦ ከነበረው አንድ ደረጃ እንዲሰፋ በቅድሚያ ይታሰብ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በማዘጋጃ ቤቱ የዲዛይን መመሪያ ውስጥ አስገባ ነበር። እርግጥ ነው፣ ግማሹን ደለል የሞላው ሰፊ ቱቦ ከንጹሕ ጠባብ ቱቦ አይሻልምና ከዝናቡ ወቅት በፊት የሚደረገው ጠረጋ ከሁሉ ይቀድማል።

ቱቦ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 2 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) በኮፐንሃገን በሁለት ሰዓት ገደማ 150 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወርዶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ አስተዳደሩ በ2012 ባወጣው ዕቅድ መናፈሻዎችን ዝቅ አድርጎ ጊዜያዊ የውኃ ማቆሪያ ለማድረግ፣ አንዳንድ ጎዳናዎችንም ጎርፉን በደኅና እንዲያወርዱ አድርጎ ለመሥራት ወሰነ። ዋናው ሐሳብ ሀብታም ከተማ መሆንን አይጠይቅም፤ ውኃው መሄጃ እንደሚፈልግ አምኖ ቤት የሌለበትን መንገድ ማሳየት ነው። በከተማችሁ ያልተገነባ ረግረግ ወይም የኳስ ሜዳ ካለ፣ ለግንባታ ከመመራቱ በፊት ይህን አስቡበት።

ሙቀትን ብዙ አስተዳደሮች ይረሱታል፤ ግድግዳ አያፈርስምና። በሕንድ የአሕመዳባድ ከተማ በግንቦት 2010 በነበረው ኃይለኛ ሙቀት በወሩ ከሚጠበቀው በላይ 1,344 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች፤ ትንበያው ከተወሰነ ዲግሪ ሲያልፍ ማን ለማን እንደሚደውል፣ የመጠጥ ውኃ የት እንደሚቀርብ፣ ሆስፒታሎች ምን እንደሚያዘጋጁ አስቀድሞ ተወሰነ። በኋላ የተደረገ ጥናት ዕቅዱ በዓመት 1,190 ያህል ሞትን ሳያስቀር እንዳልቀረ ገምቷል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በዚያው ከተማ በአንድ ሆስፒታል የተደረገው ነገር ነው። የወላዶች ክፍል ጣሪያው በቀጥታ ፀሐይ ከሚመታው ከላይኛው ፎቅ ወደ ታች ሲዛወር፣ በሙቀት ታመው ወደ ጽኑ ሕሙማን የሚገቡ ጨቅላዎች ቁጥር ቀነሰ። አልጋና ዕቃ ከማውረድ ያለፈ ግንባታ ያልጠየቀ ውሳኔ ነበር። እናንተም የጤና ተቋሞቻችሁን ስትጎበኙ ጨቅላዎቹ በየትኛው ፎቅ እንዳሉ ጠይቁ።

የቅድመ ማስጠንቀቂያ ጉዳይ እንዳይዘለል አደራ እላለሁ። በባንግላዴሽ በ1970 የደረሰው አውሎ ነፋስ ወደ 300,000 የሚገመቱ ሰዎችን ሲፈጅ፣ በ2007 የመታው ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ የገደለው ከ3,000 በላይ ሰዎችን ነው፤ ይህም ቢሆን ከባድ ሐዘን ነው። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች መካከል መጠለያዎቹ፣ ትንበያው፣ በተለይም በየመንደሩ እየዞሩ በድምፅ ማጉያ የሚያስጠነቅቁ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ይገኛሉ። በትንሽ ከተማ ሰንሰለቱ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ከላይኛው ተፋሰስ የዝናብ መለኪያ የሚያነብ አንድ ሰው፣ በማዘጋጃ ቤት ሌሊትም ስልክ የሚያነሣ ተረኛ፣ በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ጠሪዎች። ሁለት ያልኩት አንዱ ሊታመም ወይም ስልኩ ሊዘጋ ስለሚችል ነው። ሰንሰለቱንም ዝናብ ሳይመጣ በሌሊት ሞክሩት፤ በቀን የሚሠራ ሰንሰለት ሌሊት ሲበጠስ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሲሠራ ውኃው ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ማዶው ሰፈር ወይም ወደ ታችኛው ከተማ ይገፋል። ስለሆነም በወንዝ ላይ የምትሠሩትን ሁሉ ከታች ካለው አስተዳደር ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ተከታይ ጥያቄ (ከሌላ አንባቢ)፦ ዕቅድ አለን፤ ገንዘብ ግን የለንም። ዓለም አቀፍ ድጋፍ እስኪመጣ መጠበቅ ይኖርብናል?

መልስ፦ አትጠብቁ። ዓለም አቀፍ ገንዘብ በአብዛኛው የሚወርደው በማዕከላዊ መንግሥታት በኩል ስለሆነ ወደ ወረዳና ወደ ከተማ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በቅርብ መታየት ያለበት የራስ በጀት ነው። በኬንያ የማኩዌኒ አውራጃ አስተዳደር በ2015 ባወጣው ደንብ ከልማት በጀቱ ቢያንስ 1 በመቶውን ለአየር ንብረት ፈንድ መድቧል፤ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ሐሳብ የሚያመነጩትም በየቀጣናው ነዋሪዎች የመረጧቸው ኮሚቴዎች ናቸው። አንድ በመቶ ትንሽ ቢመስልም በየዓመቱ እንደሚመጣ የታወቀ ገንዘብ ሥራን ለማቀድ ያስችላል፤ ለሌላ ለጋሽም «እኛ ይህን አዋጥተናል» ለማለት ያበቃል።

ከዚሁ ጎን ለጎን ዛሬውኑ አንድ መዝገብ ክፈቱ። በእያንዳንዱ ጎርፍ ወይም ድርቅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የውኃውን ከፍታ፣ የተጎዱ ቤቶችን ብዛት፣ ለጥገና የወጣውን ገንዘብና ትምህርት ቤት የተዘጋባቸውን ቀናት ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አያይዙ። የገንዘብ ጥያቄ የሚመረምሩ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ጉዳቱ ምን ያህል እንደነበረ ነው፤ ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መዝገቡን የሚይዘው ሠራተኛ ሲዛወር ለተተኪው በፊርማ እንዲያስረክብ አድርጉ።